ቀይ ለባሾቹን ለመቀባት የቱን ልግዛ? ቀጭኑን መጽሐፍ፣ ወፍራሙን ወይስ የሙዚየሙን ነፃ ፎቶ?

ቀይ ኮት ይለብሱ የነበሩትን የእንግሊዝ የጥንት ወታደሮች፣ ለጠረጴዛ ጨዋታ በሚሆኑ 28 ሚሊሜትር ገደማ በሚረዝሙ ትንንሽ ሞዴሎች መቀባት የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ እዚህ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። የልብሱን ቀለም ከየት ላግኝ፣ ገንዘቤንስ የቱ ላይ ላውጣ? የእኔን መልስ ከወዲሁ ልናገር። የምትቀቡት አንድ ሬጅመንት (ክፍለ ጦር)፣ አንድ ጦርነት ብቻ ከሆነ ቀጭኑን መጽሐፍ ግዙ፣ የጎደለውን ከሙዚየም ድረ ገጽ በነፃ ሙሉ። ወፍራሙ ይቆያችሁ።

ግን አስቀድማችሁ ዓመቱን ቁረጡ። የእንግሊዝ እግረኛ ቆብ እ.ኤ.አ. በ1812 ተቀይሯል። ሻኮ ይባላል፤ የድሮው ሻኮ ቀጥ ብሎ የቆመ ቱቦ ይመስላል፣ አዲሱ ከፊቱ ከፍ ያለ ግንባር አለው፣ ገመድም ተሰቅሎበታል። በ1815 ናፖሊዮን በተሸነፈበት የዋተርሉ ውጊያ ላይ አብዛኛው እግረኛ ያደረገው አዲሱን ነው። 28ኛው ሬጅመንት ግን የድሮውን እንዳደረገ ነው የተዋጋው። ስለዚህ የሞዴሎቹን ሣጥን ስትገዙ ከዋተርሉ በፊት የነበረው የስፔኑ ዘመቻ ነው ወይስ ዋተርሉ የሚለውን አይታችሁ ግዙ፤ ጭንቅላቱ የሌላ ዘመን ከሆነ የቱንም ያህል አሳምራችሁ ብትቀቡት አይስተካከልም።

ቀጭኑ ስል ኦስፕሬይ የተባለው አሳታሚ የሚያወጣቸውን የሜን አት አርምስ ዓይነቶቹን ማለቴ ነው። አብዛኞቹ 48 ገጽ ናቸው፣ ስምንት ገጽ ባለቀለም ሥዕል አላቸው። ትልቁ ጥቅማቸው እያንዳንዱ ሥዕል የየትኛው ሬጅመንት፣ የስንት ዓመት እንደሆነ ማብራሪያ ያለው መሆኑ ነው። ጉድለታቸው ደግሞ ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ መቆሙ ነው። ጠረጴዛ ላይ ስንጫወት የራሳችንን ወታደር የምናየው ከጀርባው ነው እኮ! የጀርባ ቦርሳው፣ ላዩ ላይ የተጠቀለለው ካፖርት፣ የተሻገሩት ነጭ ቀበቶዎች፣ ሰማያዊ የተቀባው የእንጨት ኮዳ፣ ሁሉም ያለው ከኋላ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ለናሙና ያሳየውን ገጽ አገላብጡ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ የተሳለበትን ምረጡ።

ወፍራሙ መጽሐፍ ዋጋው የቀጭኑን ሦስትና አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል። የሚሰጣችሁ ዋና ነገር ሰንጠረዥ ነው፤ የሬጅመንቶቹ የኮሌታና የእጅጌ ጫፍ ቀለም፣ የቁልፉ አደራደር፣ ደረቱ ላይ ያለው ጥብጣብ። 28ኛው ቢጫ፣ 79ኛው ጥቁር አረንጓዴ፣ 42ኛው ጥቁር ሰማያዊ፣ 33ኛው እንደ ኮቱ ቀይ። ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ሬጅመንት ብቻ ለሚቀባ ሰው ከዚያ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ነው። ጥብጣቡ ላይ ያሉት ቀጫጭን የቀለም መስመሮች ደግሞ በ28 ሚሊሜትር አይታዩም፣ ነጭ ቀብታችሁ እለፉ። የሚታየው የንጉሡ ዘበኞች ቁልፍ ነው። የአንደኛው እግረኛ ዘበኛ ቁልፎች አንድ በአንድ፣ የኮልድስትሪም ሁለት ሁለት፣ የሦስተኛው ሦስት ሦስት ሆነው ይደረደራሉ። ከናፖሊዮን ዘመን እስከ ንግሥት ቪክቶሪያ ድረስ ብዙ ሠራዊት ለመቀባት ላሰበ ግን ወፍራሙ ዋጋውን ያወጣል።

አሁን ወደ ነፃው። ለንደን ቼልሲ ያለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ስብስቡን በኢንተርኔት ያሳያል። አሜሪካ ያለው ብራውን ዩኒቨርሲቲና የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም በጣም ብዙ የቆዩ የወታደር ልብስ ሥዕሎች አሏቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። ሙዚየም ውስጥ ተርፎ የሚገኘው ኮት ብዙ ጊዜ የመኮንን ነው፣ ተራው ወታደር ኮቱን እስኪያልቅ ለብሶታልና። የመኮንኑ ጨርቅ ኮቺኒል በምትባል ጥቃቅን ተባይ የተነከረ ደማቅ ቀይ ነው፤ የተራው ወታደር ግን ማደር ከሚባል ተክል ሥር በወጣ ቀለም ስለሚነከር ወደ ጡብ ያደላል። የመኮንኑን ፎቶ አይታችሁ ሠራዊቱን በሙሉ በዚያ ቀይ ብትቀቡት ሁሉም መኮንን ይመስላል። እኔ ለተራው ቫሌሆ የተባለው ድርጅት የሚሸጠውን ፍላት ሬድ የሚባል ቀይ ቀለም በትንሽ ቡናማ አደብዝዤ፣ ለመኮንኑ ብቻ ስካርሌት የሚባለውን ደማቅ ቀይ እመርጣለሁ። መስመር ሠርተው ሲቆሙ መኮንኑ ከሩቅ ይለያል፣ በጣም ነው የሚያምረው።

ከሥዕሎች ውስጥ በዘመኑ የተሳለውን አስቀድሙ። ቻርለስ ሃሚልተን ስሚዝ ራሱ መኮንን ነበር፣ ከ1812 ጀምሮ ያወጣቸው ሥዕሎችም ደንቡ ምን ይል እንደነበር ያሳያሉ። ዘመቻ ላይ ሱሪው የተጣፈ፣ ቆቡ የተጣመመ ወታደር ግን እዚያ አታገኙም። እንግሊዛዊቷ ሠዓሊ ሌዲ በትለር እ.ኤ.አ. በ1875 የ28ኛውን ሬጅመንት ውጊያ ስትስል ልብሱን አሰፍታ፣ ወታደሮች አስለብሳ ነው። ለእንቅስቃሴና ለፊት ገጽታ ግሩም ነው፤ የቀለም ማስረጃ አድርጎ ለመያዝ ግን የ60 ዓመት ልዩነት ብዙ ነው።

የእኛ ሰው ብዙ የሚጠይቀው መቅደላን ነው። እዚህ ላይ በሬጅመንት ስም ብቻ መግዛት ያሳስታል። ዋተርሉ ላይ ቀይ ለብሶ የቆመው 33ኛው ሬጅመንት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) መቅደላ ላይ ሲወጣ የለበሰው ካኪ ነበር። ሻኮም የለም፣ የፀሐይ ሄልሜት ነው። ጠብመንጃውም በኋላው የሚጎርሰው ስናይደር ነው፤ በአፈሙዙ ከሚጎርሰው የዋተርሉ ጠብመንጃ ጋር አይገናኝም። 13,000 ገደማ ከነበረው ጦር አብዛኛው ደግሞ ህንዳዊ ስለነበረ፣ ስለ ህንድ ሠራዊት የተጻፈው ቀጭን መጽሐፍ ስለ እንግሊዙ ከተጻፈው ባልተናነሰ ያስፈልጋችኋል። የዘመቻው ፎቶዎች አሉ፣ ያነሷቸው የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ናቸው። ጥቁርና ነጭ ስለሆኑ የልብሱን አቆራረጥ፣ የቀበቶውን አያያዝና የሄልሜቱን ቅርጽ ከእነሱ ውሰዱ፣ ቀለሙን ከመጽሐፉ። ካኪውንም ለሁሉም አንድ ዓይነት አታድርጉት። ፀሐይና እጥበት የጥጥ ልብስን ያገረጣል፣ ስለዚህ ሦስት የተለያየ ካኪ አዘጋጅታችሁ አቀላቅሉ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትገዙ ከሆነ ኢ-ቡኩ ይሻላል፣ የፖስታውን ወጪና ጥበቃ ያስቀራል፣ ሥዕሉንም አጉልታችሁ ቁልፉን ትቆጥራላችሁ። ለንደን ወይም ዋሽንግተን ያላችሁ ግን የታተመውን ያዙ። የስልክ ስክሪን ቀዩን ያደምቀዋል፤ ወረቀቱን ከቀለም ጠርሙሱ አጠገብ አስቀምጦ በቀን ብርሃን ማስተያየት ይበልጣል።