ሌየር 3 ቪፒኤን ወይስ ቪፒኤልኤስ? ቅርንጫፎቹን ለሚያገናኝ ድርጅት

ሃያ ቅርንጫፍ ያለው ባንክ ከቴሌኮም አቅራቢ ቪፒኤን (ቅርንጫፎቹን የሚያገናኝ የግል መረብ) ሊገዛ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ሁለቱ አንዱ ይቀርብለታል። ሁለቱም የሚሠሩት በአቅራቢው ራውተሮች ላይ ነው፣ በኤምፒኤልኤስ (ፓኬቱን ሌብል በሚባል አጭር መለያ የሚያሳልፍ ዘዴ)። ዋናው ጥያቄ ራውቲንጋችሁን፣ ማለትም ትራፊኩ በየት እንደሚሄድ መወሰኑን፣ ማን ይያዝላችሁ የሚለው ነው።

በሌየር 3 ቪፒኤን (አርኤፍሲ 4364፣ እ.ኤ.አ. 2006) ፒኢ የሚባለው የአቅራቢው የዳር ራውተር ለየደንበኛው ቪአርኤፍ የተባለ የራሱ የራውቲንግ ቴብል ይከፍታል። እናንተም ሌላ ደንበኛም 10.1.1.0ን ብትጠቀሙ አትጋጩም፤ አድራሻው ላይ 8 ባይት መለያ ተጨምሮበት በቢጂፒ (ራውተሮች መንገድ በሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ለሌሎቹ ፒኢዎች ይነገራል። ፓኬቱ ሁለት ሌብል ይዞ ይጓዛል። የላይኛው ወደ መድረሻው ፒኢ ያደርሰዋል፣ የታችኛው እዚያ ሲደርስ የየትኛው ደንበኛ እንደሆነ ያሳውቃል። መሃል ያሉት ራውተሮች የላይኛውን ብቻ አይተው ስለሚያሳልፉ የእናንተን አድራሻ ማወቅ አያስፈልጋቸውም። ቅርንጫፍ ሲጨመር ሥራው በአብዛኛው የአቅራቢው ነው።

ቪፒኤልኤስ ሁሉንም ቅርንጫፎች አንድ ስዊች ላይ እንደተሰኩ ያደርጋቸዋል። ፒኢው የሚማረው ማክ አድራሻ (የመሣሪያውን የሃርድዌር አድራሻ) ነው፤ ራውቲንጉ በእጃችሁ ይቀራል። ሁለት ዳታ ሴንተር መካከል አንድ ቪላን (የሌየር 2 ኔትወርክ ክፍል) መዘርጋት ለሚፈልግ ጥሩ ነው። ለሃያ ቅርንጫፍ ግን አልመክረውም፦ ብሮድካስቱ (ለሁሉም የሚላከው ትራፊክ) ሁሉም ጋ ይደርሳል፣ አንድ ቦታ ላይ ኬብል ተሳስቶ ሉፕ (ትራፊኩ ሳያቋርጥ የሚዞርበት ቀለበት) ቢፈጠር መዘዙ ለሌሎቹም ይተርፋል። የግድ ከሆነ ቅርንጫፎቹን በስዊች ሳይሆን በራውተር አገናኙ።

ስሙ ብዙ ገዢ ያሳስታል፤ ሁለቱም ትራፊኩን ከሌላ ደንበኛ ይለያሉ እንጂ አያመሰጥሩም። የደንበኞች ሂሳብ የሚያልፍበት መስመር ከሆነ በራሳችሁ ራውተሮች ላይ አይፒሴክ (ትራፊኩን የሚያመሰጥር ፕሮቶኮል) ጨምሩ። አይፒሴክ በየፓኬቱ ላይ በአሥር የሚቆጠሩ ባይቶች ስለሚጨምር መስመሩ ስንት ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) እንደሚያሳልፍ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ 1500 ባይት ብቻ ከሆነ የእናንተን ዝቅ ማድረግ ይኖርባችኋል። አይፒሴክን በተራ ኢንተርኔት ላይ ብቻ መዘርጋትም ይቻላል፣ ርካሽም ነው፤ ግን መዘግየቱንና የፓኬት ብክነቱን በውል የሚገባላችሁ የለም። ለመጠባበቂያ መስመር ይበቃል።

ሌየር 3ን ከመረጣችሁ ለትንንሽ ቅርንጫፎች ስታቲክ ራውት (በእጅ የሚሞላ ቋሚ መንገድ) ይበቃል፤ ሁለት መስመር ላለው ዋና መሥሪያ ቤት ግን ቢጂፒ ጠይቁ፣ ሁለቱ ፋይበሮችም በአንድ ጉድጓድ እንዳያልፉ በውሉ አስገቡ። ቅርንጫፎቹ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ብቻ እንዲገናኙ ከፈለጋችሁም ከመጀመሪያው ተናገሩ፤ አቅራቢው ራውት ታርጌቱን (የትኛው ቪአርኤፍ የትኛውን መንገድ እንደሚቀበል የሚወስነውን መለያ) ለይቶ ይሠራላችኋል።