አክሱም ላይ «የጥንት» እየተባለ የሚሸጥ ሳንቲምና ብራና፦ ከመግዛታችሁ በፊት

ለኅዳር ጽዮን ወይም ለጉብኝት ወደ አክሱም የምትሄዱ፣ በተለይ ከውጭ መጥታችሁ ስጦታ ይዛችሁ ለመመለስ ያሰባችሁ፣ ይህችን አንብቡ። በሐውልቶቹ አካባቢ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ከኪሱ የተጠቀለለ ጨርቅ እያወጣ «የድሮ ነው፣ ከማሳ የተገኘ» ካላችሁ፣ የዚያ ገበያ መጨረሻ ከሁለት አንዱ ነው። ዕቃው አስመስለው የሠሩት ከሆነ ገንዘባችሁን ተበላችሁ። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ የአገር ቅርስ ነው፤ ቦሌ ላይ ሲፈተሽ ይያዛል፣ እናንተም በሕግ ትጠየቃላችሁ።

ወሬው የሚያሳምነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። አክሱም ዙሪያ ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው፣ ገበሬም ሲያርስ፣ የነሐስ ሳንቲም በእርግጥ ይገኛል። ግን በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያገኘ ሰው ማሳወቅ እንጂ መሸጥ አይችልም። ሻጩ ዞር ዞር እያለ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገውም ለዚህ ነው፤ አስመስሎ የሠራው ሰውም ያንኑ ድብብቆሽ ይጫወታል፣ ምክንያቱም ድብብቆሹ ራሱ ዕቃውን እውነተኛ ያስመስለዋል።

አደገኛው የወርቁ ነው። አክሱም ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ ማለትም ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም መታ። የወርቁ ሳንቲም የሸሚዝ ቁልፍ ያህል ትንሽ ነው፤ የእንዱቢስ 2.7 ግራም ገደማ ሲመዝን የኋለኞቹ ነገሥታት ወደ 1.6 ግራም ዝቅ ብሏል። ስለዚህ መዳፍ የሚሞላ «የካሌብ ወርቅ» ካሳዩአችሁ ሚዛን እንኳ አያስፈልጋችሁም። ትንሽ ከሆነ ወርቅ ቤት ወስዶ ማስመዘን ነው፦ ናስ ከንጹሕ ወርቅ በእጥፍ የሚበልጥ ቅለት ስላለው፣ ክብደቱን ለማሟላት ሲሉ ሳንቲሙን ያወፍሩታል።

ጽሑፉም ያጋልጣል። በወርቁ ላይ ያለው ጽሑፍ ከጥቂቶች በቀር ግሪክኛ ነው። በግዕዝ የተጻፉት ሳንቲሞች ላይ ደግሞ ፊደሉ በብዛት የግዕዝ ቤት ብቻ ነው፤ ካዕብና ሣልስ ተሟልቶ፣ ዛሬ እንደምንጽፈው «ንጉሥ ካሌብ» የሚል ካያችሁ የሰሞኑ ሥራ ነው። በመስቀል ፋንታ ክብ ፀሐይና ጨረቃ ያለበትን ግን በዚህ ብቻ «ሐሰት» አትበሉት፤ ዒዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት የነበረው ምልክት እሱ ነው። ከሁሉ በላይ እውነተኛው በመዶሻ የተመታ ነው፤ የተቀዳው ቀልጦ የፈሰሰ ነው። በአጉሊ መነጽር ጠርዙን ዙሩት፦ የቅርጽ መጋጠሚያ መስመር፣ የአየር አረፋ የተወው ጥቃቅን ቀዳዳ፣ ጥግ የሌለው ለስላሳ ፊደል ካለ ተዉት። ሁለት ሳንቲም አንድ ዓይነት ጭረት ካላቸው ከአንድ ቅርጽ ወጥተዋል ማለት ነው።

ማርትሬዛውን፣ የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበትን የብር ሳንቲም፣ በአጭሩ፦ 1780 ስላለበት የዚያ ዘመን ነው ማለት አይደለም። እቴጌይቱ ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት ሲመታ ኖሯል። ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ማግኔት አይስበውም፣ ጠርዙ ላይ የላቲን ጽሑፍ አለው። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ተቀድቷል።

ብራና ላይ ማታለያው ይራቀቃል። አዲስ ብራና በጭስና በቡና ያጠቁራሉ፤ ግን ጥቁረቱ ከዳር እስከ ስፌቱ ጉድጓድ እኩል ይሆናል። በእውነት ሲገለጥ የኖረ መጽሐፍ የሚቆሽሸው ጣት የሚያርፍበት የታችኛው ጥግ ነው፣ የጧፍ ጠብታም አይጠፋውም። ሌላው ዘዴ ከእውነተኛ አሮጌ መጽሐፍ ቅጠል ወስዶ ጽሑፉ ላይ ሥዕል መቀባት ነው፤ ወደ ብርሃን ስታነሡት ከቀለሙ ሥር ፊደሉ ይታያል። ድጉሱ (የቆዳ ሽፋኑ) አሮጌ ሆኖ ጥራዙ አዲስ የሆነም ብዙ ነው። ግዕዝ የሚያነብ ሰው ከጎናችሁ ካለ ከሥዕሉ በፊትና በኋላ ያለው ገጽ መያያዙን ያይላችሁ።

የባለቤቱ ስም የተፋቀበት ወይም የደብር ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ከቀረበላችሁ ዋጋም አትጠይቁ። ብዙዎቹ መጻሕፍት «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን» (የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን) የሚል ግዝት አለባቸው፤ ሻጩ መጀመሪያ የሚፍቀውም ይህንኑ ገጽ ነው። ታቦት የሚያቀርብ ሰው ካለ ደግሞ፣ እውነተኛ ከሆነ የተዘረፈ ስለመሆኑ ጥርጥር የለውም።

መግዛት ከፈለጋችሁ አዲስ መሆኑን ሻጩ የሚናገርለትን ግዙ፦ ዘንድሮ የተጻፈ ብራና፣ ዘንድሮ የፈሰሰ የናስ መስቀል። የእጅ ሥራ ነው፣ ዋጋውም የእጅ ሥራ ዋጋ ይሁን። «ብር ነው» ከተባለ ወርቅ ቤት ሳይፈተን የብር ዋጋ አትክፈሉ፤ ነጭ ሆኖ ብር ያልሆነ ብረት ገበያውን ሞልቶታል። ቀንና የዕቃው ዓይነት የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበሉ። አዲስም ቢሆን ያረጀ የሚመስል ዕቃ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያስጠይቃልና አዲስ አበባ ባለው የቅርስ ባለሥልጣን አስመርምራችሁ የመውጫ ፈቃድ ያዙበት። ይህ በሥራ ቀንና ሰዓት የሚያልቅ ጉዳይ ስለሆነ ቅዳሜ ሌሊት የሚበር ሰው እስከ ዓርብ ድረስ ማቆየት የለበትም።