ለልጄ ስፓኒሽ አስተምራ አማርኛውን የመለሰችልኝ መምህርት

ሰላም እንዴት ናችሁ የዲኤምቪ (የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ) ወላጆች። እኔ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ዛሬ ግን ይህችን ሴት ሳላመሰግን ብቀር እግዜርም አይወድልኝም። በተለይ ልጃችሁ ሚድል ስኩል የሚገባ፣ "ምን ቋንቋ ይምረጥ?" ብላችሁ የምትጨነቁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ምሬቴን ላስቀድም። ልጄ 6ኛ ክፍል ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም። እዚያ ስፓኒሽ ተመዘገበ። ዓመቱን ሙሉ ምን ተማረ ብትሉኝ፣ አፕ ላይ ሥዕል መንካት። አርብ ሃያ ቃል ሸምድዶ ኩዊዝ ይፈተናል፣ ሰኞ ሃያውም የሉም። "ባህል" የተባለው ደግሞ አንድ ቀን ታኮ በሉ፣ የወረቀት ባርኔጣ አድርገው ፎቶ ተነሱ። በቃ።

ግሬዱ ዲ ሲሆን ተጠራሁ። ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። አስተማሪው ኮምፒውተሩን እያየ "ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?" አለኝ። በአማርኛ አልኩት። "እንግዲህ ችግሩ እሱ ነው። ሦስት ቋንቋ ያምታታዋል። አማርኛውን ለጊዜው ተዉት" አለኝ። አምስት ደቂቃም አልፈጀ።

እኔም ሞኝ ሰማሁት። የተማረ ሰው ተናገረ ብዬ። አምስት ወር ያህል የራሴን ልጅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አናገርኩት። ስቆጣው እንኳ በእንግሊዝኛ። በእንግሊዝኛ መቆጣት ደግሞ ምኑም አይጥምም! ግሬዱ እንደሆነ ዲ ነበር፣ ዲ ሆኖ ቀረ። አማርኛው ግን ሄደ። ደሴ ያለችው እናቴ ስትደውል "ሃይ" ብሎ ስልኩን ወደኔ መወርወር ጀመረ። እናቴ ምንም አላለችም። አለማለቷ ነው አሁንም ሆዴን የሚበላኝ።

መሃል ላይ በሰዓት 40 ዶላር የሚከፈለው አስጠኚም ሞክረን ነበር፣ በኦንላይን። ከአራት ቀን ሁለቱን አልመጣም። ብሩም በዚያው ቀረ። ይኸው ነው።

ባለፈው ነሐሴ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ቤት ቀየርን። ልጄ 7ኛ ክፍል ገባ። "ስፓኒሽ አልወስድም" አለ። "ካሁን በኋላ ምን ቀረህ፣ ሞክረው" ብዬ አስገደድኩት። ደግ አደረግኩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የባለቤቴ አባት ስም፣ ለልጄ ላስት ኔም የሆነው፣ መሃሉ ላይ "ኘ" አለችበት። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ "ጂ" እና "ኤን" ተደርጎ ነው። ስለዚህ ሐኪም ቤትም ይሁን ባንክ፣ "ግን... ግን..." እያሉ ይንተባተቡና ይተዉታል። ልጄ ለምዶታል። አስተማሪ ስም ስትጠራ እሱ ጋ ስትደርስ ቆም ካለች፣ ሳትጨርስ "እዚህ ነኝ" ይላል። እንዳያፍር።

አዲሷ የስፓኒሽ አስተማሪው ሴኞራ ግን አላለፈችውም። ልጆቹ ሴኞራ ነው የሚሏት፣ በስፓኒሽ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። "ቆይ፣ አንተ ራስህ እንዴት ነው የምትጠራው?" አለችው። ጠራላት። ድገመው አለችው። ደገመው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ስሙን በስፓኒሽ አጻጻፍ ጻፈችው። ለካ እነሱ "ኘ" አላቸው! "ኤን" ይጽፉና አናቷ ላይ ጠመም ያለች ሰረዝ ይደርቡባታል። ድሮ ጸሐፊዎቻቸው ሁለት "ኤን" ላለመጻፍ አንዷን ትንሽ አድርገው ከላይ ይጭኗት ነበር፤ ሰረዟ ከዚያ የቀረች ናት አለቻቸው። ቀጥላም "በእናንተ ፊደልስ?" ብላ ማርከሩን ሰጠችው።

ልጄ ፊደል በደንብ አይችልም። ስሙን ግን አባቱ አስጠንቶታል። "ነ" ጻፈ፣ አጠገቧ "ኘ" ጻፈ። ሴኞራ ሁለቱን አየች፣ የራሷንም አየች። "የእናንተም ኮፍያ ታደርጋለች!" ብላ ጮኸች። ክፍሉ በሙሉ ስሙን አንድ ጊዜ በትክክል ጠራው።

ያን ቀን መኪና ውስጥ ቀበቶውን ሳያስር ነው የጀመረልኝ። ማታ ደግሞ ሴኞራ የሰሌዳውን ፎቶ በኢሜይል ላከችልኝ። ከሥሩ አንድ መስመር፦ "እባክዎ በአማርኛ ያናግሩት፣ ይረዳኛል።" ይረዳኛል ነው ያለችው! ያኛው ያምታታዋል አለኝ፣ ይቺ ይረዳኛል አለችኝ። ወጥ ቤት ቆሜ አለቀስኩ፣ ሽንኩርቱ አይደለም። ፎቶው እስከዛሬ ፍሪጁ ላይ አለ።

እንዴት እንደምታስተምር አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። ክሬዲቱ ለሃይስኩል እንዴት እንደሚቆጠርም ሁለት ጊዜ አስረድታኛለች፣ አሁንም አልገባኝም። የማየው ልጄን ነው። አንድ ቀን መጥቶ "ማሚ፣ አብሎ ማለት እናገራለሁ ነው፤ 'እኔ' ቃሉ ውስጥ አለች፣ ልክ እንደ አማርኛ" አለኝ። ሌላ ቀን ካርታ ይዞ መጣ። ኢኳቶሪያል ጊኒ የምትባል አፍሪካዊት አገር ስፓኒሽ ትናገራለች፣ በፈረንጆች 1968 ነው ከስፔን ነጻ የወጣችው ብሎ አስተማረኝ። እኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አላውቅም ነበር።

ቤሩት ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አረብኛዬ የወጥ ቤት ነው። ልጄ የምግብ ቃላት ሲያጠና አጠገቡ ሆኜ ጎመን እከትፋለሁ። "አሴይቴ" ይላል፣ ዘይት። "አሱካር" ይላል፣ ስኳር። "አሮስ" ይላል፣ ሩዝ። እኔ ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። "ይሄማ የቤሩቷ ማዳሜ ቤት አረብኛ ነው!" አልኩት። በማግስቱ ሴኞራን ጠየቃት። አረብኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች በፈረንጆች ከ711 እስከ 1492 ድረስ በስፔን ምድር ገዝተው፣ ቃላቱ ከዚያ የቀሩ ናቸው አለችው። "እናትህ ጆሮ አላት በላት" ብላ ላከችብኝ። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ዕቃ ሳጥብ የለቀምኩት ቋንቋ ለልጄ ሆምወርክ ይጠቅማል ብሎ ማን ገመተ?

ያው እዚህ አገር አስተማሪ አይመረጥም ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን በዚህ አካባቢ ያላችሁ፣ የምርጫ ወረቀቱ ሲመጣ ስፓኒሽ በሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ የከበደውን ልጅ በነጻ ታስጠናለች፣ ክፍሏ ግን ባዶውን ነው። ላኳቸው እንጂ! ስሟን ሳላስፈቅዳት እዚህ አልለጥፍም፣ የፈለገ በኢንቦክስ ይጠይቀኝ። ልጃችሁ ሌላ ቦታ ከሆነም "አማርኛ ተዉ" የሚላችሁን አትስሙ። እኔ ሰምቼ አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሴኞራ ኤልሳልቫዶር የተወለደች ናት። በኛ አገር ጓደኛን "ቮስ" እንላለን፣ ትልቅ ሰውን "ኡስቴድ" አለቻቸው። ልጄ እኛስ አለን ወይ ብሎ ጠየቀኝ። "እርስዎ አለን፤ እኔ ያደግኩበት ወሎ ደግሞ አንቱ አለ" አልኩት። እሁድ እናቴ ደወለች። ስልኩን አልወረወረልኝም። "እማማ፣ እንደምን አሉ? አንቱ ደህና ነዎት?" አላት። ዝም አለች። ከዚያ "ማነው ይሄ?" አለች። "እኔ ነኝ" ሲላት ምርቃቱን አወረደችው። "አንቱ ያስብልህ ልጄ፣ ያስተማረችህንም አንቱ ያስብላት።"

ምርቃቱን ለሴኞራ አድርስ አልኩት። በስፓኒሽ እንዴት እንደሚባል ሁለት ቀን አሰበ። በመጨረሻ ካርድ ላይ "ኬ ቶዶስ ሌ ዲጋን ኡስቴድ" ብሎ ጻፈላት፣ ሁሉም ኡስቴድ ይበሉዎት። ካርዱን ሰሌዳው አጠገብ ለጥፋዋለች አሉ።