ዌብሳይታችንን ከበርጩማው ጀምራ ለሠራችልን ልጅ

የጅማ ሰዎች፣ ለሥራችሁ ዌብሳይት ልታሠሩ ካሰባችሁ ይህችን ልጅ ሳታናግሩ አትጀምሩ።

አባቴ ከዋንዛ በርጩማና ወንበር ይሠራል፣ እኔና ወንድሜ እንሸጣለን። አምና ለሌላ ሰው ከፍለን ያሠራነው ገጽ መደቡ ጥቁር፣ ጽሑፉ ወርቃማ፣ ምስሉም የሚንቀሳቀስ ነበር። ያኔ አምሮን ነበር። ግን የሆቴል ይሁን የጌጣጌጥ ቤት አይለይም፤ ሰው እየደወለ "ምንድን ነው የምትሸጡት?" ይለን ነበር።

እሷ ስትመጣ ላፕቶፗን እንኳ አልከፈተችም። ግማሽ ቀን ሙሉ አባቴ አጠገብ ቁጭ ብላ ሲጠርብ አየች። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ያለ ምስማር ያለ ኮላ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሲወጣ ስታይ "አባባ፣ ገጹም እንዲህ ይሁን፣ የተለጠፈ ነገር አይኑርበት" አለችው። ቀለሙን ከእንጨቱ ወሰደች፤ አዲስ ከተጠረበው ፈዛዛውን ለመደቡ፣ ዘመን ካጠቆረው የአያቴ በርጩማ ደግሞ ቡናማውን ለጽሑፉ። ደማቅ ቀለም ያለው "ይዘዙ" የሚለው ቁልፍ ብቻ ነው።

ወንድሜ ጥቁሩን አልለቅም አለ። አልተከራከረችውም። ሁለቱንም በስልኩ ከፍታ ሄርማታ መርካቶ ይዛው ወጣች፤ በዚያ ጠራራ ፀሐይ ጥቁሩ ላይ የራሱን ፊት እንጂ ዋጋውን ማየት አልቻለም። ደንበኞቻችን የሚያዩን ደግሞ በስልክ ነው፣ ያውም መንገድ ላይ።

በጣም የወደድኩት ግን የፊደሉን ነገር ነው። ገጻችን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ነው፤ በድሮው ላይ ቁቤው (የኦሮምኛው የላቲን ፊደል) ገዝፎ አማርኛው ኮስሶ ይታይ ነበር። እሷ ለሁለቱም ኖቶ ሳንስ የሚባለውን ፎንት (የፊደል ቅርጽ) መረጠች፣ በነጻ የሚገኝ ነው፣ የግዕዙም የላቲኑም ፊደል አለው። የአማርኛውን መስመርም አላላችው፤ ፊደላችን ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ መስመሩ ሲጠብ ዓይን ያደክማል። እናቴ ያለ መነጽር አነበበችው!

ከተባባልነው 10 ቀን ዘግይታለች፣ ይህንንም እወቁ። ከኢንተርኔት የተለቀመ ፎቶ አልጠቀምም ብላ፣ በዚያ በጅማ ክረምት ዝናቡ ጋብ እስኪል ጠብቃ የራሳችንን ዕቃ በቀን ብርሃን አነሳች።

ስልኳን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች። ስትመጣ የምትሸጡትን ዕቃ አቅርባችሁ ጠብቋት፣ እሱን ሳታይ ሥራ አትጀምርም።

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልን። አባቴ "እሁድ ቡና እኛ ጋ ናት በሏት" ብሏል፣ በርጩማሽም ደርሷል።