የኤችአይቪ እና የሆርሞን ሕክምና ለትራንስጀንደር ሴቶች፦ ለየብቻ ወይስ አንድ ላይ?

ትራንስጀንደር ሴቶች ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ ሴቶች ናቸው። ሕክምናው ለየብቻ ሲሆን የኤችአይቪ ምርመራው አንድ ጤና ተቋም፣ ሆርሞኑ ሌላ ሐኪም ዘንድ ነው። በየዘርፉ የሠለጠነ ባለሙያ ይገኛል፤ ጥሩ ነው። ግን ብዙዎች ሆርሞኑን ያስቀድሙና ምርመራውን ይተዉታል። ፕሬፕ (ኤችአይቪ እንዳይዝ አስቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት) ሆርሞናቸውን የሚያዳክም መስሏቸው የሚፈሩም አሉ። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ፕሬፕ የሚወስዱትን የሴት ሆርሞን፣ የኢስትሮጅንን፣ መጠን እንደማይቀንስ ነው። ይህን ማን ይንገራቸው?

በ2015 እ.ኤ.አ. ባንኮክ ላይ የተከፈተው ታንጀሪን ክሊኒክ ሁለቱን አገናኘ። ለሆርሞን የመጣች ሴት እዚያው ኤችአይቪ ትመረመራለች፣ ፕሬፕም ታገኛለች። ከሠራተኞቹ መካከል ትራንስጀንደር ሴቶች አሉ፤ ስለዚህ ራሷን ለማስረዳት አትደክምም። እንደ ኤፋቪረንዝ ያሉ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ደግሞ የኢስትሮጅንን መጠን ሊቀንሱ ይችላሉ። ሁለቱንም የሚያውቅ ሐኪም መድኃኒቱን ያስተካክላል።

እኔ ያለ ማመንታት አንድ ላይ ይሁን እላለሁ። ሁለቱንም የሚችል ባለሙያ ማሠልጠን ጊዜና ገንዘብ ቢጠይቅም።