በገና ዱላ የተሰበረው አፍንጫዬና ያቃናው ቀዶ ጥገና

አፍንጫዬን የሰበረው የሰፈሬ ልጅ ነው። 13 ዓመቴ ነበር። የገና ዕለት እሩሯን ልመታ ጎንበስ ስል የእሱ ዱላ ቀደመኝ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተባለና ነገሩ በዚያው ቀረ፤ እናቴ ደሙን ጠርጋ ቅቤ ቀባችኝ፣ ሐኪም ቤት የወሰደኝ የለም። ሲድን መሃሉ ጉብታ አወጣ፣ ጫፉ ወደ ግራ ዘመመ፣ የቀኙ ቀዳዳ ደግሞ ለይስሙላ የተቀመጠ ሆነ። እንዲሁ እንደሆንኩ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ባለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ተሠራሁ። አሁን ዓመት ከሦስት ወር ሆነኝ። ቀደም ብዬ ብጽፍ ኖሮ የምጽፈው ስለ እብጠት እንጂ ስለ አፍንጫ አይሆንም ነበር።

ጾሙን የመረጥኩት ለጽድቅ አይደለም። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ፤ እንጀራዬ ሰርግ ነው፣ በሁዳዴ ደግሞ ሰርግ የለም። 55 ቀን ፊቴን ብደብቅ የሚፈልገኝ አይኖርም ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ሌላ ቦታ ነበር። እዚያ ስልክ አውጥተው የውጭ ተዋናዮችን አፍንጫ እያሳለፉ «የቱ ይሁንልህ?» አሉኝ፣ ፀጉር የምቆረጥ ይመስል። ቀጥለው በዚያው ስልክ ከክንድ ባነሰ ርቀት ፊቴን አነሱና ጉብታውን በጣት ሰርዘው አሳዩኝ። እኔ እንግዲህ የማውቀው ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ ስልክ ተጠግቶ ሲያነሳ አፍንጫን ያገዝፋል። ሙሽራን በ85 ሚሊሜትር ሌንስ ራቅ ብዬ የማነሳውም ለዚሁ ነው። ስልክ ባገዘፈው ልክ ከተቆረጠልኝ ምን ሊተርፈኝ? ባትሪ አብርቶ ውስጡን ያየም ሆነ «መተንፈሱስ እንዴት ነው?» ያለኝ አልነበረም። የተጠየቅኩት ቀብድ ነው። ወጣሁ።

የሁለተኛውን ሐኪም ስም አልጽፍም፣ ደላላ እንዳልባል። እሳቸው ስለ መልኬ ከማውራታቸው በፊት አንዱን ቀዳዳ ይዘው በሌላው አስተነፈሱኝ፣ ከዚያ ውስጡን አዩ። ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚለየው መካከለኛ ግድግዳ፣ ለምለም አጥንቱ፣ እንደታጠፈ ካርቶን ወደ ቀኝ ተለምጧል አሉኝ። ፎቶው ከዚያ በኋላ መጣ፤ ልቤ የተረጋጋውም እዚያ ላይ ነው። ወለሉ ላይ የመቆሚያ ምልክት አለ። መብራቱ ከቦታው አይነቃነቅም። ፊት ለፊት፣ ግራና ቀኝ ጎን፣ ሁለቱ ሰያፍ፣ ከዚያ አገጭ ቀና ተደርጎ ከሥር። ሳቅ ክልክል ነው፤ ሰው ሲስቅ የአፍንጫው ጫፍ ወደ ታች ይወርዳልና። ስለዚህ «በፊት» በሚለው ፎቶ የሚስቅ፣ «በኋላ» በሚለው ኮስተር ያለ ሰው ካያችሁ ጫፉን ከፍ ያደረገው ቀዶ ጥገናው ላይሆን ይችላል።

«ምን ዓይነት ትፈልጋለህ?» ሲሉኝ መልሴ ተዘጋጅቶ ነበር፦ ሰልካካ። ጎንደር አድጎ ሰልካካ አፍንጫ የማይመኝ ማን አለ? ሳቁ። «ለየትኛው ፊት?» አሉኝ። ጉንጬ ሰፊ፣ አገጬ አጭር ነው፤ ጉብታውን ሙልጭ አድርገው ቢያነሱት የሌላ ሰው አፍንጫ የተለጠፈብኝ እንደሚመስል አስረዱኝ፣ ጥቂት እንደሚተዉልኝም ነገሩኝ። ጫፉንም ብዙ ማንሳት አልፈለጉም። ለወንድ አፍንጫና የላይኛው ከንፈር የሚገናኙበት ማዕዘን 90 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ያምርበታል፣ ሴት ላይ ከዚያ ትንሽ ከፍ ቢል ያስኬዳል፣ ከበዛ ግን ቀዳዳው ፊት ለፊት ይታያል አሉ። ከዚያ በእስክሪብቶ ከሁለቱ ቅንድቦቼ ተነሥተው ወደ ጫፉ የሚወርዱ ሁለት መስመሮች አሰመሩ። እነዚህ መስመሮች ካልተቆረጡ ሰው ሲያይህ ዓይኑ አፍንጫህ ላይ አይቆምም ነው ነገሩ። እኔ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ ያሉት መላእክት ታወሱኝ። የድሮ ሠዓሊ እኮ ቅንድብና አፍንጫን ለያይቶ አይሥልም፤ ብሩሹን ከቅንድብ አንሥቶ አንድ ጊዜ ነው የሚያወርደው። ልጅ ሆኜ አንጋጥጬ ሳያቸው አንገቴን ያመኝ ነበር እንጂ ይሄን አላስተዋልኩም።

ከዓመታት በፊት ያነሳኋት አንዲት ሙሽራ ነበረች። አፍንጫዋ ከጎን ሲታይ እንከን የለውም፤ ግን በረጅሙ በተነፈሰች ቁጥር ክንፎቹ ወደ ውስጥ ይጣበቃሉ። ያኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ለሐኪሙ ሳወራቸው አልተገረሙም። በቀዶ ጥገና ለምለም አጥንቱ ከልክ በላይ ከተወሰደ አፍንጫው ምሰሶ እንደተነቀለ ጎጆ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ይታያል፣ ከዓመታት በኋላ ቆዳው እየተኮማተረ ሲመጣ ይሰረጉዳል፣ ትንፋሽም ይነሳል። የእኔ ሐኪም የቀነሱት ጥቂት፣ የደገፉት ብዙ ነው። ከመካከለኛው ግድግዳ ቀጭን ለምለም አጥንት ወስደው ግራና ቀኝ እንደ ማገር ሰኩት። ያ ባይበቃ ከጆሮ ወይም ከጎድን እንደሚወስዱ አስቀድመው ነግረውኛል፤ በቅቷል።

ቀዶ ጥገናው በሙሉ ማደንዘዣ ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። የተከፈተው በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ባለችው ጠባብ ቆዳ ላይ ነው፤ ጠባሳዋን ዛሬ እኔም ፈልጌ ነው የማገኛት። ሕመሙ የፈራሁትን ያህል አይደለም። ያሰቃየኝ በአፍ ብቻ መተንፈሱ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምላስ እንደ ቆርበት መድረቁ ነው። ጀሶው በ7ኛው ቀን ሲነሳ መስታወት አየሁና ክው አልኩ፦ ያበጠ፣ ወደ ላይ የተቀለበሰ ነገር። «ገና አፍንጫ አልሆነም፣ ውሃ ነው» አሉኝ።

ጎንደር ስመለስ እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና «የአባትህን አፍንጫ የት ጣልኸው?» አለች። ለሁለት ቀን በወጉ አላናገረችኝም። እኔም ሦስት ትራስ ደራርቤ፣ ቁጭ እንዳልኩ እየተኛሁ ነበር። መናፈጥ የለም፤ ማስነጠስ ከመጣ አፍ ተከፍቶ ነው። ጎረቤት በርበሬ ስታምስ ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ማንም ያላስጠነቀቀኝ ግን የካሜራው ነገር ነው፤ ፎቶ አንሺ ዓይኑን ካሜራው ላይ ሲለጥፍ የካሜራው ጀርባ አፍንጫውን ይጫነዋል። የዳግማይ ትንሣኤን ሰርጎች እንደ ቱሪስት ካሜራውን ከፊቴ አርቄ፣ በስክሪኑ እያየሁ ነው ያነሳሁት። አንድ ሚዜ «ወንድሜ፣ ሥራውን ዛሬ ነው እንዴ የጀመርከው?» ብሎኛል።

እብጠቱ አብዛኛው በሁለት ወር ሄደ፤ ጫፉ ግን ዓመት ፈጀበት። ቆዳዬ ወፍራም ነው፣ ወፍራም ቆዳ ደግሞ ቶሎ አይሟሽሽም። የላይኛው ከንፈሬም ለሳምንታት ደርቆ ሳቄ የሌላ ሰው ሳቅ ይመስል ነበር። ባለፈው ክረምት ያ ዱላ ያሳረፈብኝ ልጅ፣ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፣ ከፒያሳ ማራኪ ሰፈር ሲያደርሰኝ በመስታወቱ ደጋግሞ አየኝ። «ምነው፣ ከሳህ እንዴ?» አለኝ። «አፍንጫህ ምን ሆነ?» ያለኝ ሰው እስካሁን የለም፣ ከእናቴ በቀር። እሷም አሁን በጎን ስታየኝ «አባትህን መስለሃል» ትላለች፤ ሐኪሙ የተዉት ጥቂት ጉብታ ነው መሰለኝ።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጣለሁ። አንዱን የቀነስኩት በሐኪሙ ሳይሆን በቢሮው ነው። ዋጋ ሲነግሩኝ የማደንዘዣ ባለሙያውን ለብቻ እንደሚያስከፍሉ አልነገሩኝም፤ መድኃኒቱም እንዲሁ። ጠቅላላውን በጽሑፍ ጠይቁ። ከጎንደር ለሚሄድ ደግሞ የማረፊያው ወጪ አለ፤ እኔ ጀሶው ተነሥቶ እስክታይ ድረስ 10 ቀን ተቀምጫለሁ። ክትትሉ በቴሌግራም ፎቶ መሆኑ ደግ ነው፣ መልስ ሳያገኝ ያደረ ጥያቄ የለኝም። ጫፉን በጣት ስጫነው እስካሁን ትንሽ ይደነዝዛል፣ በቀኝ በኩል ለዓይን የማትታይ አንዲት ጠጠር ነገርም አለች። ማስተካከል ቢያስፈልግ እንኳ ከዓመት በፊት አይነካም ብለውኝ ነበር፤ ዓመቱ አልፎም ልነካው አላሰብኩም። በሁለቱም ቀዳዳ እተነፍሳለሁ።

ያናደደኝ የጥንቃቄ ወረቀቱ ነው፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የጻፉት። ነርስ የሆነች የአክስቴ ልጅ ወደ አማርኛ መልሳልኛለች፦ ከቀዶ ጥገናው በፊት የማይወሰዱ ማስታገሻዎች፣ ስለ ሲጋራ፣ ስለ አተኛኘት፣ ስለ ፀሐይ፣ መቼ መደወል እንዳለበት። ኮፒው ፎቶ ቤቴ አለ፣ የፈለገ መጥቶ ይውሰድ።