የቻይና ቁም ጽሕፈት፦ ብዕር ልግዛ ወይስ ብሩሽ?

መጀመሪያ አንድ ነገር ይለዩ፦ የሚፈልጉት የቻይናን ፊደል አሳምሮ መጻፍ ነው ወይስ ጥበቡን?

አሳምሮ ለመጻፍ ብዕር ይበቃል። ቻይናዎቹ ዪንግቢ፣ «ጠንካራ ብዕር»፣ ይሉታል፤ እርሳስና እስክሪብቶም እዚሁ ውስጥ ናቸው። ቀለም የሚሞላ ብዕርና ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ካለዎት ሌላ ወጪ የለም። ብዕር የፊደሉን አጥንት ያስተምራል፦ የቱ ጭረት ይቀድማል፣ የቱ ይረዝማል። ቋንቋውን ለሚማር ሰው ከዚህ በላይ ማውጣት ብክነት ነው። ጫፉ የታጠፈ ብዕርም አለ፤ ሲያጋድሉት ይወፍራል፣ ሲያቆሙት ይቀጥናል። ብሩሽን ይተካል የሚልዎትን ሻጭ ግን አይመኑ። ሊሹ የሚባለውን ጥንታዊ ስልት፣ ጭረቱ መጨረሻው ላይ እንደ ዝይ ጭራ የሚሰፋውን፣ በብዕር ይሞክሩትና ያዩታል።

ጥበቡን ከፈለጉ ግን ብሩሽ ይግዙ፤ ማውቢ ይባላል። የእኛ የብራና ጸሐፊ የጭረቱን ውፍረት የሚያገኘው ከመቃው አቀራረጽና አያያዝ ነው፤ በብሩሽ ግን ከእጅ ክብደት ይመጣል። ጫን ሲሉት ይሰፋል፣ ቀለል ሲያደርጉት ይሰላል፤ ያመነቱበት ቦታ ደግሞ ወረቀቱ ላይ እድፍ ሆኖ ይቀራል።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ጠጉሩ ላይ ነው። የፍየል ጠጉር ለስላሳ ነው፣ ቀለም ብዙ ይይዛል፣ ከተጫኑት በኋላ ግን ቶሎ አይቃናም፤ ጀማሪን ያናድዳል። «የተኩላ ጠጉር» የሚሉት ደግሞ ከተኩላ ሳይሆን ከአንዲት ትንሽ አውሬ ጭራ የሚሠራ ነው፤ እንደ ሞላ ይመለሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ የተቀላቀሉበትን ይውሰዱ። አዲሱን ብሩሽ ሙጫው እንዲለቅ ለብ ባለ ውኃ ይንከሩት፤ ከጻፉ በኋላ አጥበው ጫፉን ቁልቁል ይስቀሉት።

የብሩሽ ትልቁ ወጪ ወረቀት ነው። በቻይናዋ አንሁዊ ክፍለ ሀገር የሚሠራው ስመ ጥሩው ሹዋን ወረቀት በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፦ ጥሬው ቀለሙን ይጠጣል፣ በሻብ የታከመው አያሰራጭም። ለልምምድ ሁለቱም ውድ ናቸው፤ ርካሽ የቀርከሃ ወረቀት ወይም በውኃ ተጽፎ ሲደርቅ የሚጠፋ ጨርቅ ይሻላል። ቀለሙንም የጠርሙስ ይግዙ፤ የቤጂንጉ ዪደገ ከ1865 ጀምሮ ያለ ስም ነው።

በሐር የተሸፈነ ሳጥን ውስጥ ብሩሽ፣ ማኅተምና የቀለም መፍጫ ድንጋይ ተደርድሮ የሚሸጠውን ስጦታ ይለፉት። ድንጋዩ ያምራል፤ ብሩሹ ብዙ ጊዜ ጠጉሩን ያረግፋል።